ማውሱ ይሄዳል፣ ስክሪኑ ደርቋል፦ ከሐዋሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የተገኘ የጉዳይ ጥናት

2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አንድ ኮምፒውተር ከሦስት ሳምንት በላይ አሰቃየኝ። ሁለቴ ፎርማት አደረግኩት። ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ቀየርኩለት። ሆዱን ከፍቼ አቧራውን አራገፍኩለት። በመጨረሻ የተገኘው ነገር ለሌላ ጠጋኝም ይጠቅማል ብዬ እንዳለ ጻፍኩት። የሰዎቹን ስም አላነሣም። የተሳሳትኩበትን ግን አልደበቅኩም፤ ከጥፋቱ ግማሹ የኔው ነበር።

## ቤቱና ማሽኑ

ቤቱ ሐዋሳ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ብዙም ሳይርቅ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ያለው ዕቃ አንድ ትልቅ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ስካነር፣ የላሚኔት ማሽንና አንድ ኮምፒውተር ነው። ባለቤቷ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። ኮምፒውተሩ ላይ የምትቀመጠው ታይፕ የምትሠራ አንዲት ወጣት ናት። ማመልከቻ ይጻፋል፣ መታወቂያ ስካን ይደረጋል፣ ከሁሉ በላይ ግን የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ተስተካክሎ ይታተማል፣ ይጠረዛል። ግንቦትና ሰኔ የቤቱ አዝመራ ነው። ማሽኑም የታመመው በአዝመራው ሰዓት ነው።

ወደ ሊነክስ ያዛወርኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት የነበረው ዊንዶውስ ፈቃድ የሌለው ኮፒ ነበር። ቀኑን ሙሉ የተማሪ ፍላሽ ይሰካበታል፤ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ከቤቱ ጠፍቶ አያውቅም። አንዱ ተማሪ የሌላውን ቫይረስ ይዞ ይሄዳል፣ በነጋታው ተመልሶ እነሱን ይወቅሳል። መስከረም ላይ ሊነክስ ሚንት 21 ከነጽሑፍ መሥሪያው ሊብሬ ኦፊስ ጫንኩላቸው። የቫይረሱ ነገር እዚያው አበቃ። በፓወር ግዕዝ የተጻፉ የድሮ ፋይሎች ሲከፈቱ ዝብርቅርቅ ፊደል ስለሚያመጡ፣ ለእነሱ ብቻ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ከነዊንዶውሱ ጥግ ላይ ቀርቷል። የሱ ጣጣ ለብቻው ቢጻፍ ይሻላል።

ኮምፒውተሩ ሁለተኛ እጅ የተገዛ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ5፣ 4ኛው ትውልድ፣ ሃስዌል የሚባለው ነው፤ ይህ ትውልድ ገበያ ላይ የዋለው በፈረንጆቹ 2013 ነው። ራሙ ዲዲአር3 ነው፤ ባለ 4 ጊጋባይት ሁለት፣ በድምሩ 8። ለብቻው የተሰካ የግራፊክስ ካርድ የለውም። ስክሪኑን የሚያስተዳድረው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ኢንቴል ኤችዲ 4600 ነው። እንዲህ ዓይነቱ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ ከዋናው ራም ላይ እየተበደረ ነው የሚሠራው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

## ችግሩ

ልጅቷ የደወለችልኝ ሰኞ ጠዋት ነው። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ስታክ እያደረገ አስቸገረን» አለች። ስሄድ በሰላም ይሠራል። እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ሐኪም ቤት ሲደርሱ ይተዋል። ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ ምንም የለም። ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ሳልደላደል ስልኬ ጮኸ። «አሁን ደረቀ!»

በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደርቃል። የሚያውቁት መፍትሔ አንድ ነው፦ የፓወር ቁልፉን እስኪጠፋ ተጭኖ መያዝ። ሲነሣ ያልተቀመጠው ሥራ የለም። ሊብሬ ኦፊስ ራሱ በየጊዜው ያስቀምጣል፤ ግን ካልነኩት በየ10 ደቂቃው ነው፣ በ10 ደቂቃ ደግሞ ልጅቷ ስንት ገጽ ታስተካክላለች። አንድ ተማሪ መምህሩ የሰጡትን እርማት ሁለት ጊዜ አስገብቶ ሁለቴ ጠፋበት። በሦስተኛው ፍላሹን ነቅሎ ሌላ ቤት ሄደ።

እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ደግ ነገር ቢኖር የማስቀመጫውን ጊዜ ወደ 2 ደቂቃ ማውረድ ነው። በሽታውን አላዳነም፣ ግን ልቅሶውን ቀነሰ። ባለቤቷ ሳይቆጡ ነው የጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ያንን የድሮውን ብትመልስልንስ?» የድሮው ማለታቸው ዊንዶውስ ነው። እፍረት ያዘኝ።

## የባከነው ሁለት ሳምንት

እኛ ዘንድ ኮምፒውተር ሲታመም የመጀመሪያው መድኃኒት ፎርማት ነው። እኔም ከማንም አልተሻልኩም። ቅዳሜ ማታ ወስጄ ፎርማት አደረግኩት፣ ሰኞ መለስኩ፣ ማክሰኞ ደረቀ። በሳምንቱ ደገምኩት። ይኸው ነው።

ቀጥሎ ሙቀት ጠረጠርኩ፣ ምክንያቱም «ከሰዓት በኋላ ይብስበታል» ብለውኛል። ኬዙን ከፍቼ አቧራውን አወጣሁ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ማስተላለፊያ ፔስት ቀየርኩ። በሴንሰሮቹ ስለካው ሥራ በበዛበት ሰዓት እንኳ ከ60 ዲግሪ አልፎ አልሄደም። ሙቀት አይደለም። አዲስ ከርነል ጫንኩ። ለውጥ የለም።

ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ወደሚታደለው መድኃኒት ዞርኩ፤ ቡት ሲያደርግ ለከርነሉ የሚለጠፉለት ምርጫዎች አሉ። ሦስቱን ገለበጥኩ። አንዱ ፕሮሰሰሩ በጥልቅ እንዳይተኛ የሚከለክል ነው። ይህ ስም ያተረፈው ቤይ ትሬይል በሚባሉት፣ ሴለሮን ጄ1900ን በመሳሰሉት ቺፖች ላይ ነው፤ የኛ ማሽን ሌላ ዘር ነው። ሁለተኛው ፒኤስአር የሚባለውን የስክሪን ኃይል ቁጠባ የሚያጠፋ ነው። እሱ የላፕቶፕ የራሱ ስክሪን ጉዳይ ነው፣ በኬብል ለተሰካ ሞኒተር ምን ሊያደርግ? ሦስተኛው አርሲ6 የሚባለውን የግራፊክስ እንቅልፍ ማጥፊያ ነው። እሱማ ከከርነሉ ከተነሣ ዓመታት አልፈዋል። ሎጉ፣ ማለትም ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል፣ ላይ «የማይታወቅ ምርጫ ነው፣ አልፌዋለሁ» የሚል መስመር ተጽፎልኝ ነበር። እኔ ሎጉን አላየሁም። ሳምንት ሙሉ የሌለ መድኃኒት ስሰጥ ከረምኩ።

አሁን ወደ ሁለቱ ትልልቅ ስህተቶች ልምጣ። ሁለቱም ሙከራዎች ጥሩ ነበሩ፤ የተበላሸው አነባበቤ ነው።

የመጀመሪያው ኖሞድሴት የሚባለው ምርጫ ነው። የግራፊክስ ድራይቨሩን፣ ማለትም ሲስተሙ ግራፊክሱን የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ ሥራ ስለሚያስቀረው ስክሪኑ ቀርፋፋ ይሆናል፣ ግን ብዙ ጊዜ ይነሣል። የኛ ማሽን ጭራሽ አልነሣም። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ በቃ። እኔ «ግራፊክሱ ተቃጥሏል ማለት ነው» አልኩ። በዚያች ደቂቃ የኤክስኦርግን፣ ማለትም ስክሪኑን የሚሥለውን ፕሮግራም፣ ሎግ ከፍቼ ባነብ ኖሮ የጉዳዩ ግማሽ እዚያው ያልቅ ነበር።

ሁለተኛው በፍላሽ የሚነሣውን፣ ምንም ያልተነካ ሊነክስ ሚንት አስነሥቼ ቀኑን ሙሉ በእሱ እንዲሠሩ ማድረጌ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደረቀ። «ንጹሑም ሲስተም ደረቀ፤ እንግዲህ ሶፍትዌር አይደለም» ብዬ ደመደምኩ። ለባለቤቷም ሌላ ማሽን እንዲገዙ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ።

አልነበርኩም።

## የዱቤ ደብተሩ

መፍትሔው የመጣው ከባለቤቷ ነው። ጠረጴዛው ላይ የዱቤ ደብተር አለ። ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደወሰደ ይጻፍበታል። «ሰው አበድሬ ከጻፍኩት አይጠፋኝም፤ ይህንንም ጻፉበት እንጂ» አሉ። ከደብተሩ ኋላ ጥቂት ገጾች ለኮምፒውተሩ ተሰጡ።

ከልጅቷ ጋር ተቀምጠን ምን እንደምትጽፍ ተስማማን። ሰዓቱን። ምን ምን ተከፍቶ እንደነበር። ማውሱ ይሄዳል ወይስ አይሄድም። ዘፈን ከነበረ ዘፈኑ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል። የኑም ሎክ መብራት ሲጫኑት ይቀያየራል ወይ። ሌላ ምንም አልጠየቅኳትም።

በስድስት ቀን 17 ጊዜ ተጻፈ። እሑድ ማታ ቤቴ ወስጄ ሳነበው አንድ ነገር ፊቴ ላይ ቆመ። 11ዱ ላይ «ማውስ ይሄዳል፣ ዘፈን ይሰማል፣ ግን ምንም አይከፍትም» ይላል። 6ቱ ላይ «ሁሉም ድርቅ፣ ዘፈኑ አንድ ቦታ ት-ት-ት ይላል» ይላል። አስራ አንዱ ከጠዋት እስከ ማታ የተበተኑ ናቸው። ስድስቱ በሙሉ ከ8 ሰዓት በኋላ ናቸው፤ በአምስቱ ላይ ደግሞ «ትልቅ ፒዲኤፍ» ወይም «ብዙ ስካን» ተጽፏል።

እኔ አንድ በሽታ ስፈልግ ነበር። ሁለት ነበሩ።

ኑም ሎክን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። መብራቱ ከተቀያየረ ማሽኑ ሕያው ነው፣ አያጠራጥርም። ካልተቀያየረ ግን ሞቷል ማለት አይደለም፤ ስክሪኑን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ተይዞ ከሆነ መብራቱም ላይታዘዝ ይችላል። ከ11ዱ በአራቱ ላይ ልጅቷ «ኑም ሎክ እምቢ» ብላ ጽፋለች፣ ዘፈኑ ግን እየተሰማ ነበር።

## በስልክ መግባት

ስክሪኑ ሲደርቅ ማሽኑ ደርቆ እንደሆነ የሚታወቀው በሌላ በር ሲያንኳኩ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የኤስኤስኤች ሰርቨር፣ ማለትም ከሌላ መሣሪያ በኔትወርክ ገብቶ ማዘዝ የሚያስችለውን፣ ጫንኩ። ስልኬ ላይ ተርመክስ የሚባለውን ትዕዛዝ መጻፊያ አፕ አስገባሁ። ሁለቱም የቤቱ ዋይፋይ ላይ ስላሉ የኮምፒውተሩን አይፒ ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፍኩት። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሦስት ሳምንት ቀድሜ ባደርገው ኖሮ!

ረቡዕ ጠዋት ተደወለልኝ። «ማውሱ ይሄዳል፣ ሌላው ደርቋል።» «እንዳትነኪው» ብዬ በባጃጅ ከነፍኩ። በስልኬ ስገባ ማሽኑ ወዲያው መለሰ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የፕሪንት ወረፋው እየወጣ ነው። የከርነሉን ሎግ ስከፍት «ጂፒዩ ሃንግ» የሚል መስመር አለ፣ ግራፊክሱ ደርቋል ማለት ነው፣ ሰዓቱም ከልጅቷ ሰዓት ጋር አንድ ነው። መስመሩ መጨረሻ ላይ ጥፋተኛ የተባለው ፕሮግራም ስም አለ፦ ኤክስኦርግ። ፋየርፎክስ አይደለም፣ ዴስክቶፑ ሲናሞንም አይደለም፤ ስክሪኑን የሚሥለው ራሱ ነው።

ማውሱ ለምን ይሄዳል ለሚል ሰው፦ ቀስቷ ለብቻዋ፣ ከሥዕሉ በላይ በሃርድዌር የምትቀመጥ ንብርብር ናት። ከሥሯ ያለው ሥዕል ሲቆም እሷ ልትንሸራሸር ትችላለች። ስለዚህ የሚሄድ ማውስና የደረቀ ስክሪን አንድ ላይ ሲታዩ ጣት የሚቀሰረው ግራፊክሱ ወደሚሠራበት መንገድ ነው።

ከርነሉ እንዲህ ሲሆን የግራፊክሱን ሁኔታ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል። ፋይሉ ዲስክ ላይ ያለ አይደለም፤ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የፓወር ቁልፉን ተጭነን ባጠፋን ቁጥር ማስረጃውን ስናቃጥል ነበር ማለት ነው። እሱን ወደ ስልኬ ገለበጥኩ። ከዚያ ላይትዲኤምን፣ ማለትም የመግቢያ ስክሪኑን የሚያመጣውን አገልግሎት፣ በስልኬ እንደገና አስነሣሁት። በአምስት ሰከንድ ስክሪኑ ተመለሰ። የተከፈቱት ፕሮግራሞች ተዘግተዋል፣ ማሽኑ ግን አልጠፋም፣ ፕሪንተሩም አልቆመም። ልጅቷ «በስልክ ነው ያዳንከው?» አለች። ለአፍታ ትልቅ ሰው ሆንኩ።

## አንደኛው በሽታ፦ የራሴ ፋይል

ሊነክስ ሚንት ላይ ኢንክሲ የሚባል ትንሽ መሣሪያ አብሮ ይመጣል። ግራፊክሱን ጠይቄው የትኛው ድራይቨር እንደተጫነ ነገረኝ። «ሞድሴቲንግ» ይላል ብዬ ስጠብቅ «ኢንቴል» አለ።

እዚህ ላይ ስሞቹ ያምታታሉ። ኢንቴል ግራፊክስ ያለው ማሽን ላይ ሁለት ፎቅ አለ። ከታች ከርነሉ ውስጥ አይ915 የሚባል ድራይቨር አለ፤ ስሙን ያገኘው በፈረንጆቹ 2004 ከወጣ ቺፕሴት ነው፣ ከዚያ በኋላ ለወጡት ለብዙዎቹም ያገለገለው በዚሁ ስም ነው። ከላይ ደግሞ የኤክስኦርግ ድራይቨር አለ። ለዚህኛው ድሮ የነበረው «ኢንቴል» የሚባለው ነው፤ ከፈረንጆቹ 2014 ወዲህ አዲስ ቁጥር ተሰጥቶት የወጣ እትም የለውም። በሱ ፈንታ ከኤክስኦርግ ጋር አብሮ የሚመጣው ሞድሴቲንግ ነው። ዴቢያን የሚባለው የሊነክስ ዓይነት በፈረንጆቹ 2016 ለአብዛኛው ኢንቴል ቺፕ ወደ ሞድሴቲንግ ዞሯል፣ ኡቡንቱም፣ በኡቡንቱ ላይ የቆመው ሚንትም እንደዚያው። ማንም ካልነካው አሮጌው ድራይቨር እኛ ማሽን ላይ ሊነሣ አይገባውም ነበር።

የነካው እኔ ነኝ። ከዓመታት በፊት ሌላ ደንበኛ ጋ የሰርግ ቪዲዮ ሲታይ ስክሪኑን አግድም የሚቆርጥ መስመር ነበር። ለእሱ መድኃኒት አራት አምስት መስመር ያላት የማዋቀሪያ ፋይል ነበረች፤ አሮጌውን ድራይቨር ጠርታ ቲርፍሪ የሚባለውን ምርጫ የምታበራ። በደንብ ሠራች። ስለሠራች አዲስ ሊነክስ በጫንኩ ቁጥር የምሮጠው ስክሪፕት ውስጥ ከተትኳት። ፎንት ይጭናል፣ የአማርኛ ኪቦርድ ያስገባል፣ ፕሪንተር ያዘጋጃል፣ እግረ መንገዱንም ያቺን ፋይል ያስቀምጣል። ረስቻታለሁ።

ሁለቱ ፎርማቶች ያልሠሩት ለዚህ ነው። ፎርማት ባደረግኩ ማግስት ስክሪፕቴ በሽታውን መልሶ ይተክለዋል። ኖሞድሴት ላይ ጥቁር ስክሪን ያየሁትም ለዚሁ ነው፤ አሮጌው ድራይቨር ያለ ከርነሉ ፎቅ አይቆምም፣ ፋይሏ ደግሞ ሌላ እንዳይነሣ ዘግታበታለች። ሎጉ ላይ «ስክሪን አልተገኘም» ተብሎ ተጽፏል። በኋላ ሄጄ አየሁት፣ ቀኑም ያው ቀን።

ፋይሏን አጠፋሁ፣ ማሽኑን አስነሣሁ፣ ኢንክሲ «ሞድሴቲንግ» አለኝ። ያ ቪዲዮ ላይ የሚታየው መስመር ሊመለስ እንደሚችል ለባለቤቷ አስቀድሜ ነገርኳቸው። «እዚህ ማን ፊልም ሊያይ ይመጣል?» አሉ።

## «አልተሻለም»

ሐሙስ በ9 ሰዓት ደረቀ።

ከጉዳዩ ሁሉ የምጠላትም የምወዳትም ቀን ይቺ ናት። ከባለቤቷ በኩል ሲታይ ምንም አልተለወጠም፤ ትናንት ይደርቅ ነበር፣ ዛሬም ደረቀ። ያለ ደብተሩ እኔም እንዲሁ እል ነበር። ምናልባትም ፋይሏን መልሼ አስቀምጬ ሌላ ነገር እፈልግ ነበር። ሁለት ችግር አብረው ሲኖሩ ትክክለኛው ጥገና የተሳሳተ ይመስላል፤ አንዱን ሲያድኑት ሌላው ተነሥቶ «አልሠራም» ያስብላል። በፍላሹ ሊነክስም የተሸወድኩት በዚህ ነው። ያኔ ፋይሏ ስላልነበረች የመጀመሪያው ዓይነት መድረቅ አልመጣም ነበር፤ የመጣው ሁለተኛው ነው። እኔ ግን «ደረቀ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው የሰማሁት።

ደብተሩ ላይ የሐሙሱ እንዲህ ይላል፦ «9 ሰዓት ከሩብ። ማውስ የለም። ዘፈን ት-ት-ት። የስካን ፒዲኤፍ ሦስት።» በስልኬ አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። ኪቦርዱ ላይ ከርነሉን በቀጥታ የሚያናግር የቁልፍ ጥምረት አለ፤ አልትና ፕሪንት ስክሪን ተይዞ ኤስ፣ ዩ፣ ቢ በተራ ይጫናሉ። ሚንት ላይ ሳይነካ የሚሠሩት እነዚህ ናቸው፦ ዲስኩ ላይ ያልተጻፈውን ይጽፋል፣ ዲስኩን ይቆልፋል፣ ማሽኑን ያስነሣል። እሱም አልሠራም። ከተነሣ በኋላ ያለፈውን ቡት ሎግ ሳይ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ እንደተቆረጠ ሰው ነው፤ ስህተት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ዝም። ከርነሉ ራሱ ለመጻፍ ጊዜ ሳያገኝ ሲወድቅ መልኩ ይህ ነው። እንዲህ ሲሆን ወደ ብረቱ ይኬዳል፤ ራም፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ቦርድ።

## ሁለተኛው በሽታ፦ ራም

ከራም ጀመርኩ፣ ምክንያቱም ለመፈተን ርካሹ እሱ ነው። ሜምቴስት 86 ፕላስ የሚባለውን ራም መፈተኛ በፍላሽ አዘጋጀሁ። አሮጌዎቹ እትሞች በዩኢኤፍአይ፣ ማለትም በአዲሱ የማሽን ማስነሻ ዘዴ፣ አይነሡም ነበር፤ በፈረንጆቹ 2022 የወጣው 6ኛው እትም ይነሣል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ለቅቄው ሄድኩ። 4 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጠዋት ያገኘሁት የጠፋ ማሽን ነው። በነጋታው ማታ ደገምኩት፤ መብራቱ ራራልን። ጠዋት የስህተት ቆጣሪው ዜሮ አልነበረም።

የትኛው ራም ነው? ስህተቱ ያለበት አድራሻ ይነግረኛል ብዬ ነበር፣ አይነግርም። ሁለት እኩል ራሞች በጥንድ ሲሠሩ አድራሻው በሁለቱ መሀል እየተፈራረቀ ይከፋፈላል። ስለዚህ አንድ በአንድ፣ በአንድ ቀዳዳ መፈተን ግድ ነው። የመጀመሪያው አራት ዙር ንጹሕ ወጣ። ሁለተኛው በ20 ደቂቃ ውስጥ ስህተት አሳየ። እግሩን በላጲስ ጠርጌ መለስኩት፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ ዛሬ አልሠራም። ወደ ሌላኛው ቀዳዳ አዛወርኩት፣ ስህተቱ ተከትሎት ሄደ። ቀዳዳው ንጹሕ ነው፣ ራሙ ነው የታመመው።

ከሰዓት በኋላ ለምን? ጠዋት ሁለት ሦስት ፋይል ነው የሚከፈተው። ከ8 ሰዓት በኋላ ወረፋው ይበዛል፤ የተከፈተ ነገር ሲከማች ራሙ ይሞላል፣ የታመመችውን ክፍል የመንካት ዕድሉ ይጨምራል። ስካን የተደረጉ ገጾች ደግሞ ግዙፍ ሥዕሎች ናቸው። ግራፊክሱም ሥዕሉን የሚያስቀምጠው ከዚያው ራም ተበድሮ ነው። ሙቀት የመሰለኝ ነገር ወረፋ ነበር።

ሦስት ቀን በአንዱ ራም፣ በ4 ጊጋባይት አሠራኋቸው። ቀርፋፋ ሆነ፣ ልጅቷ ተማረረች፣ ግን አንድም ጊዜ አልደረቀም። ከዚያ ሌላ ባለ 4 ጊጋባይት ተገዛ፤ የሁለት ቀን የፎቶ ኮፒ ገቢ ቢሆን ነው። ባለ 8 አንድ ከሚገዙ ባለ 4 ሁለት እንዲሆን ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ከራም ለሚበደር ግራፊክስ በጥንድ የሚሠራ ራም መንገዱን ያሰፋለታል። አዲሱንም ሌሊቱን ሳልፈትን አላስረከብኩም።

በዚህ ላይ ሦስተኛ ፎርማት አደረግኩ። ይህኛው ብቻ ምክንያት ነበረው፤ በታመመ ራም አልፎ ዲስክ ላይ የተጻፈ ነገር አይታመንም። ስክሪፕቱን ከመሮጤ በፊት ያቺን መስመር አወጣኋት። ባለቤቷ የሥራዬን ዋጋ ከፍለው ሲያበቁ በአሞራ ገደል ጥብስ ዓሣ ጋበዙኝ። አዲስ ማሽን አስገዝቼያቸው ቢሆን ያ የታመመ ራም እንደ መለዋወጫ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ፣ ያ ስክሪፕት ደግሞ አዲሱ ላይ ተጭኖ ይቀመጥ ነበር።

## ሌላ ማሽን ላይ የምወስደው

አሁን «ስታክ አደረገ» የሚል ስልክ ሲደወልልኝ የምጠይቀው መጀመሪያ ማውሱን ነው፣ ቀጥሎ ድምፁን። ሁለቱ ጥያቄዎች ግማሹን መንገድ ይወስዱኛል። ማውሱ ከሄደ ቁልፉን እንዳይጫኑ እለምናለሁ። ሲናሞን ከሆነ ኮንትሮል፣ አልትና ኢስኬፕን አብሮ መጫን ዴስክቶፑን ብቻ ያድሰዋል፤ አንዳንዴ ይበቃል። ካልሆነ በስልክ እገባለሁ። በምጭነው ማሽን ሁሉ ላይ ኤስኤስኤች ከመጀመሪያው ቀን ይገባል፣ ጠንካራ የይለፍ ቃል ይዞ። የሱቅ ዋይፋይ የሰው ሁሉ ነውና።

ከኢንተርኔት የምገለብጠው የከርነል ምርጫ ለየትኛው ቺፕ እንደተጻፈና መቼ እንደተጻፈ ሳላይ አልለጥፍም። ከለጠፍኩም ሎጉ ላይ ተቀብሎት እንደሆነ አያለሁ፤ አንድ ደቂቃ ነው። አንዱን ሳልጨርስ ሌላ አልለውጥም። በዚህ ላይ አሁንም እሳሳታለሁ፣ ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቅ እጅ ይፈጥናል።

ስክሪፕቴን ደግሞ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ለምን እንዳለ የማላስታውሰው ስድስት ነገር አገኘሁ። አራቱን አወጣሁ። የቀሩት ሁለት ላይ ለምንና መቼ እንደገቡ ማስታወሻ ጻፍኩባቸው። ያው ስክሪፕት የተጫነባቸው ሌሎች ሁለት ማሽኖች ነበሩ፤ ሄጄ ፋይሏን አወጣሁ፣ እነሱ ግን ከመጀመሪያውም አልደረቁም ነበር። «እኔ ጋ ይሠራል» ማለት ብዙ ማስረጃ እንዳልሆነ ያየሁት እዚያ ነው።

ያልሠራልኝ ነገር አንድ አለ። ለልጅቷ የዴስክቶፑን ጌጣጌጥ፣ መስኮት ሲከፈት የሚንሸራተተውን ሁሉ፣ አጥፍቼላት ነበር። አንደኛው ዓይነት መድረቅ በዚያ አልቀነሰም። ከተስተካከለ በኋላ መልሳ አበራችው፣ ምንም አልሆነም።

ደብተሩ አሁንም እዚያው ነው፣ ከዱቤው ኋላ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የተጻፈበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ «4 ሰዓት፣ ድንገት ጠፋ።» ሰዓቱን ከሎጉ ጋር አመሳከርኩት። መብራት የሄደበት ሰዓት ነው፤ መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚይዘው የዩፒኤሱ ባትሪ ሞቷል። እሱን ገና አልቀየሩም።